የድጎማው ዘመንና የእንክብካቤው ዘመን

የተከበራችሁ አድማጮች፣

መንግሥት ለመጀመሪያ ደረጃ የጤና እንክብካቤና ለሕብረተሰብ ጤና መሻሻል ስለሚሰጠው ድጎማ ውይይት በተከፈተ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ተመደበ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 አገሮች ለመጀመሪያ ደረጃ እንክብካቤ ከሚያወጡት በተጨማሪ ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርታቸው ቢያንስ 1 በመቶ እንዲጨምሩ መክሯል፤ ይህን ምክር በተግባር ያዋለ አገር ብዙ እንዳልሆነ እዚህ ያለን ሁላችን እናውቃለን። (በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኔ ግን ዛሬ መናገር የምፈልገው ከመጠኑ ቀጥሎ ስለሚመጣው፣ አብዛኛውን ጊዜም ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ብቻ ስለሚታሰበው ጉዳይ ነው። ገንዘቡ መቼ ይደርሳል? ለስንት ዓመት ይቆያል? በማን ውሳኔ ይወጣል? ውጤቱስ በምን ይለካል? በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት፣ መጠኑ እኩል የሆነ ገንዘብ በአንድ መልክ ሲሰጥ ጤና ጣቢያ ሲያቆም፣ በሌላ መልክ ሲሰጥ ደግሞ የተቆለፈ ክፍልና የሪፖርት ክምር ትቶ ሲሄድ ነው።

በመጀመሪያ ይህን ሥራ መንግሥት ካልደጎመው ሌላ የሚደጉመው ለምን እንደማይገኝ ላንሣ። የታመመ ሰው ወደ ሐኪም ራሱ ይመጣል፤ ቢቸግረው ተበድሮም፣ ያለውን ሸጦም ይከፍላል። ሰው ላለመታመሙ ግን የሚከፍል የለም። ልጁ በኩፍኝ ያልተያዘበት አባት ያልደረሰበትን ሐዘን አስታውሶ የክትባት ባለሙያዋን ለማመስገን አይመጣም፤ ንጹሕ ውኃ ስለጠጣ ከተቅማጥ የዳነ ሰፈርም ለውኃ ጥራት ተቆጣጣሪው ሰልፍ አይወጣለትም። የመከላከል ሥራ ትልቁ ችግር ይኸው ነው፤ የተሳካ ዕለት አይታይም። ባለቤት የሌለው ስኬት ደግሞ በጀት ሲከፋፈል ጠበቃ የለውም።

ስኬቱ ሲቆጠር ምን ያህል እንደሚሆን የፈንጣጣን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ1967 የተጠናከረውና በ1980 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ በይፋ በተነገረበት ጊዜ የተቋጨው ዘመቻ የፈጀው 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሚድነው ወጪ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ይገመታል። ይህን ገንዘብ ያወጡት መንግሥታት ናቸው፤ አብዛኛውንም የሸፈኑት በሽታው በምድራቸው የነበረባቸው አገሮች ራሳቸው ናቸው።

እንዲህ ያለው ሒሳብ በአንድ ታላቅ ዘመቻ ብቻ የሚታይ አይደለም። በእንግሊዝ ከ2013 ጀምሮ የሕብረተሰብ ጤና ሥራ ከብሔራዊው የጤና አገልግሎት ወጥቶ ወደ አካባቢ አስተዳደሮች ሲዛወር፣ ገንዘቡ ለመንገድ ጥገና ወይም ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል በሕግ የታጠረ ድጎማ ተደርጎ ተሰጣቸው። በ2020 የታተመ የምጣኔ ሀብት ጥናት ይህን ድጎማ ከሕክምናው ወጪ ጋር አነጻጽሮ፣ አንድ ሙሉ ጤና ያለው የሕይወት ዓመት ለማስገኘት በሕብረተሰብ ጤና በኩል 3,800 ፓውንድ ገደማ ሲበቃ፣ በሕክምናው በኩል ግን 13,500 ፓውንድ ገደማ እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። የሦስት እጥፍ ተኩል ልዩነት ማለት ነው። ታዲያ በዚያው ድጎማ ላይ የደረሰው ምን ነበር? በ2015 ዓመቱ ተጋምሶ፣ አስተዳደሮቹ ሠራተኛ ከቀጠሩና ውል ከተዋዋሉ በኋላ፣ 200 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀነሰበት፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም የዋጋ ንረት ታስቦ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ከሩብ ያላነሰውን አጣ። ሆስፒታሎች በዚያው ዘመን በጀታቸው በዚያ መጠን አልተቆረጠም፤ በሆስፒታል በር ላይ የተሰለፈ ሕመምተኛ ይታያልና። ከዚህ የምወስደው ትምህርት አጥር ገንዘብን ከሌላ እጅ ይጠብቃል እንጂ ከሰጪው እጅ አይጠብቅም የሚል ነው። ስለዚህ ድጎማ በምን ላይ ብቻ እንደሚውል የሚደነግግ ሕግ፣ ሰጪው በምን ሁኔታና በስንት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ሊቀንሰው እንደሚችልም ጎን ለጎን ሊደነግግ ይገባዋል።

ወደ ኋላ መለስ ብል የዚህ ክርክር ሥር የሚገኘው በዛሬዋ ካዛክስታን ባለችው በአልማ አታ ከተማ ነው። በመስከረም 1978 የ134 አገሮች መልእክተኞች በዚያች ከተማ ተሰብስበው የመጀመሪያ ደረጃ እንክብካቤ ማለት ክትባት፣ የእናቶችና የሕፃናት ጤና፣ ንጹሕ ውኃ፣ ምግብ፣ የጤና ትምህርት፣ የተለመዱ በሽታዎች ሕክምናና አስፈላጊ መድኃኒቶች በአንድነት፣ ሕዝቡም ራሱ እየተሳተፈበት የሚሰጥ አገልግሎት ነው ብለው ተስማሙ። አንድ ዓመት ሳይሞላው «ይህ ሁሉ በአንዴ አይቻልም፤ በርካሽ ዋጋ ብዙ ሞት የሚቀንሱ ጥቂት ሥራዎችን መርጠን እንጀምር» የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ገንዘብ ሰጪዎችም ወዲያውኑ ወደዱት። ሐሳቡን ያቀረቡትን ሰዎች አልነቅፍም፤ የተመረጡት ሥራዎች የብዙ ሚሊዮን ሕፃናት ሕይወት አትርፈዋል። ነገር ግን ሐሳቡ የተወደደበት ምክንያት ከጤናው ይልቅ ለድጎማ አስተዳደር መመቸቱ እንደነበረ መካድ አይቻልም። የተከተበ ሕፃን ይቆጠራል፤ የታደለ የተቅማጥ ማከሚያ ዱቄት ከረጢት ይቆጠራል። አንዲት ነርስ ከአንድ ሰፈር ጋር በአሥር ዓመት ውስጥ የገነባችው መተማመን ግን በየትኛው ሠንጠረዥ ይገባል? ድጎማ የሚቆጠረውን ይወዳል፤ የሚቆጠረውን የሚወድ ገንዘብ ደግሞ በሚቆጠረው ላይ ይሰበሰባል፤ ቀሪው ሥራ በሠራተኛው በጎ ፈቃድ ላይ ይወድቃል።

ይህ ሲሆን በቅርብ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአንድ ወቅት ለክትትል በሄድኩበት ጤና ጣቢያ በድጎማ የተገዛ የክትባት ማቀዝቀዣ ቆሞ ነበር፤ ሰውነቱ ገና ያብረቀርቃል፤ በላዩ ላይ የተለጠፈው የገንዘብ ሰጪው ምልክትም አልደበዘዘም። የበሩ ጎማ ግን ተቀድዶ በጨርቅ ታስሯል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ መቀመጥ ስላለበት ሠራተኞቹ የማቀዝቀዣውን ሙቀት በየቀኑ ጠዋትና ማታ የሚመዘግቡበት ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ጽሑፉ እስከ አንድ ቀን ድረስ ቀጥ ብሎ ይወርድና ከዚያ በታች ወረቀቱ ባዶ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ክትባት የምትሰጠው ነርስ በየማለዳው ወደ ጎረቤት ጣቢያ እየሄደች የዕለቱን ክትባት በበረዶ ሣጥን ተሸክማ ትመጣለች። የጎማውን ዋጋ ጠየቅሁ፤ ከማቀዝቀዣው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ለመናገር የሚያሳፍር ነው። ነገር ግን ማቀዝቀዣው የተገዛው ከካፒታል በጀት ነው፤ ጎማው ደግሞ የሥራ ማስኬጃ ነው፤ የድጎማው ስምምነት ገንዘብን ከአንዱ ርዕስ ወደ ሌላው ማዘዋወር ይከለክላል፤ የጣቢያው የራሱ የሥራ ማስኬጃ በጀት ደግሞ ከደመወዝ ተርፎ ለጥገና የሚደርስ አልነበረም። በሪፖርቱ ላይ ማቀዝቀዣው «ተገዝቶ ሥራ ላይ የዋለ» ተብሎ ተመዝግቧል። ሪፖርቱን የጻፈው ሰው አልዋሸም፤ ቅጹ የሚጠይቀው መገዛቱን ብቻ ነበርና።

የዚህ ችግር መነሻ ክፋት አይደለም። ካፒታል በጀት አንዴ ወጥቶ ያልቃል፤ ይመረቃል፤ ሪባን ይቆረጥለታል። መደበኛ በጀት ግን በየዓመቱ ይጠየቃል፤ የሚመረቅበት ቀን የለውም። ስለዚህ ደጓሚው መሥሪያ ቤት ዕቃውን ይገዛል፣ ዕቃውን የማኖር ኃላፊነት ደግሞ ምንም አቅም ለሌለው ጣቢያ ይተላለፋል። እኔ በበኩሌ የጥገናና የመለዋወጫ ወጪ ሳይኖረው የሚፈረም የዕቃ ድጎማ ገና ከጅምሩ ጉድለት ያለበት ስምምነት ነው እላለሁ፤ የበጀት ባለሙያዎችም እንዲህ ያለውን ሰነድ ወደ መጣበት ቢመልሱት ጤና ጣቢያዎቹን ይጠቅማሉ እንጂ አይጎዱም።

የሚቆጠረውን መክፈል ራሱ በጥንቃቄ ሲሠራ ምን ያህል እንደሚረዳ፣ የትስ ላይ እንደሚያቆም ከሁለት አገሮች ልምድ ማየት ይቻላል። አርጀንቲና በ2004 በጀመረችው ፕላን ናሴር በተባለ መርሐ ግብር፣ ማዕከላዊው መንግሥት መድን ለሌላቸው ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ለክፍለ ሀገሮች ከሚሰጠው ገንዘብ 60 በመቶውን በተመዘገበው ሰው ቁጥር፣ 40 በመቶውን ደግሞ በአሥር የጤና ውጤት መለኪያዎች ከፈለ። ሚዛኑ ብልህነት ያለበት ነው፤ ትልቁ ክፍል የተረጋጋ ስለሆነ ክሊኒኩ ሠራተኛ ይዞ ይቆያል፤ ትንሹ ክፍል ደግሞ ያንቀሳቅሳል። ለክሊኒኮች የደረሰው ገንዘብም በአመዛኙ በራሳቸው ውሳኔ የሚውል ነበር። ሩዋንዳ ደግሞ ከ2006 ጀምሮ ለጤና ተቋማት በሠሩት ሥራ ልክ መክፈልን በአገር አቀፍ ደረጃ ስታስፋፋ፣ ገንዘቡ ቀድሞ የደረሳቸው ወረዳዎች ገና ካልደረሳቸው ጋር እየተነጻጸሩ ተጠኑ። በ2011 የታተመው ውጤት በተቋም የሚወልዱ እናቶች 23 በመቶ መጨመራቸውን አሳየ። አራት ጊዜ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያጠናቀቁ እናቶችና ክትባታቸውን የጨረሱ ሕፃናት ቁጥር ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ሁለቱን ውጤቶች አንድ ላይ ሳነብ የሚታየኝ ይህ ነው፦ አንዲትን እናት ለወሊድ ወደ ጣቢያ ማምጣት ባለሙያው ተነሣስቶ በአንድ ቀን የሚፈጽመው ሥራ ነው፤ አራት ጊዜ እንድትመለስ ማድረግ ግን የመንገዱን ርቀት፣ የቤቷን ሥራ፣ የባሏን ፈቃድ፣ ባለፈው ጊዜ የገጠማትን አቀባበል ሁሉ ይነካል። የመጀመሪያውን ሥራ ጉርሻ ሊገዛው ይችላል። ሁለተኛው ጊዜና መተዋወቅ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ጊዜ ያልሁት ነገር የንግግሬ ማዕከል ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። በአሜሪካ በ1921 የወጣው የሼፐርድ እና ታውነር ሕግ ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና የተሰጠ የመጀመሪያው የፌዴራል ድጎማ ነበር። አሠራሩ ዛሬም የምናውቀው ዓይነት ነው፤ ጥቂቱ ገንዘብ ያለ መዋጮ፣ ቀሪው ደግሞ ክፍለ ግዛቱ ያንኑ ያህል ሲያዋጣ የሚለቀቅ። በስምንት ዓመት ጊዜ ውስጥ ነርሶቹ ከ3 ሚሊዮን በላይ ጊዜ ቤት ለቤት ጎበኙ፤ ወደ 3,000 የሚጠጉ የቅድመ ወሊድ ማዕከላትም ተቋቋሙ። ሕጉ ግን የተወሰነ ዕድሜ ብቻ ስለተሰጠው ሲያልቅ መታደስ ነበረበት፤ የሐኪሞች ማኅበር ተቃወመ፤ ምክር ቤቱ በ1929 ሳያድሰው ቀረ። የአገሪቱ ታላቅ የኢኮኖሚ ቀውስ የጀመረበት ዓመት መሆኑን ልብ በሉ፤ ለእናቶች የሚደረገው ድጋፍ ከሁሉ ይልቅ በሚያስፈልግበት ጊዜ ተቋረጠ ማለት ነው። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች በራሳቸው ገንዘብ ቀጠሉ፤ ሌሎቹ ነርሶቻቸውን አሰናበቱ። በ1935 በማኅበራዊ ዋስትናው ሕግ ውስጥ ድጎማው ዳግመኛ ሲመጣ ብዙ ቦታ ላይ ሥራው ከመሠረቱ መጀመር ነበረበት። የስድስት ዓመት ክፍተት በመንግሥት የሒሳብ መዝገብ አጭር ነው። ለአንድ ሕፃን ግን ከመወለድ እስከ ትምህርት ቤት መግቢያ ያለው ዘመን በሙሉ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ብራዚል የመረጠችው መንገድ ብዙም ሳይወራለት ትልቅ ሥራ ሠርቷል። የቤተሰብ ጤና መርሐ ግብሩ በ1994 ተጀመረ፤ በ1998 ደግሞ ማዕከላዊው መንግሥት ለእያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት በነዋሪው ቁጥር የሚሰላ ቋሚ ገንዘብ፣ ሐኪም፣ ነርስና የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞችን ያቀፈ ቡድን ላቋቋሙት ደግሞ ተጨማሪ ገንዘብ፣ ከማዕከላዊው የጤና ፈንድ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የጤና ፈንድ በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረ። በዚያ አሠራር ማዘጋጃ ቤቱ ፕሮፖዛል ጽፎ አይወዳደርም ነበር፤ ደጅ አይጠናም ነበር፤ ነዋሪ ስላለው ብቻ ገንዘቡ ይደርሰው ነበር። አንድ ቡድን ከ3,000 እስከ 4,000 ሰው፣ አንዲት የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛም ቢበዛ 750 ሰው ትይዝ ነበር፤ ቤቶቹንም በስም ታውቃቸው ነበር። በ2006 የወጣ ጥናት የመርሐ ግብሩ ሽፋን በ10 በመቶ ሲጨምር የሕፃናት ሞት ወደ 4.5 በመቶ ከመቀነሱ ጋር እንደተያያዘ አሳይቷል። እኔ ግን ከቁጥሩ በላይ የማደንቀው አሠራሩን ነው፤ የገንዘቡ መምጣት እንደ ወር ደመወዝ የታወቀ ሲሆን የጤና ቡድኑ ሐሳቡን ከገንዘብ ፍለጋ ወደ ሰው ያዞራል።

ውድድርን ስለነካሁ እንድናገርበት ፍቀዱልኝ፤ ምክንያቱም ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በ1971 በዌልስ የማዕድን ሠራተኞች መንደር የሚያክም ጁሊያን ቱዶር ሃርት የተባለ ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ፤ ጥሩ ሕክምና በብዛት የሚገኘው እምብዛም በማያስፈልግበት ቦታ ነው፣ በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ደግሞ ይጠፋል አለ። የውድድር ድጎማ ይህን ነገር በወረቀት ላይ ይደግመዋል። ማመልከቻው 40 ገጽ ነው፤ የመነሻ መረጃ ጥናት፣ የአመክንዮ ማዕቀፍ፣ የስጋት ትንተና፣ የሦስት ዓመት የኦዲት ሪፖርት ይጠየቃል። ይህን ማዘጋጀት የሚችለው የዕቅድ ክፍልና የሒሳብ ባለሙያ ያለው፣ ኢንተርኔቱ የማይቋረጥበት ተቋም ነው። አንዲት ነርስና አንድ የጽዳት ሠራተኛ ብቻ ያሉበት ሩቅ ጣቢያ ማስታወቂያውን የሚሰማው የማመልከቻው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያም «ፍላጎት አላሳዩም» ይባላል። ባለፈው ዓመት ያሸነፈው ተቋም በዚህ ዓመት ደግሞ «ልምድ አለው» ተብሎ ነጥብ ይጨመርለታል። በጤና ረገድ ወደ ኋላ የቀረው አካባቢ ማመልከቻ በመጻፍም ወደ ኋላ የቀረ መሆኑ ሊያስገርመን አይገባም፤ የሁለቱም ምክንያት አንድ ነውና። ስለዚህ ለመሠረታዊው አገልግሎት የሚሰጥ ገንዘብ በሕዝብ ብዛት፣ በድህነት ደረጃና በርቀት በሚሰላ ቀመር እንዲከፋፈል፣ ውድድር ደግሞ አዲስ አሠራር ለመሞከር ለሚሰጥ ጥቂት ገንዘብ ብቻ እንዲቀር አጥብቄ እከራከራለሁ።

የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሙያዎች በዚህ ላይ የሚያነሡት ስጋት አለ፤ እንደ ቀላል ነገር ልናልፈውም አይገባም። ቋሚ ድጎማ ከላይ ሲመጣ ታችኛው አስተዳደር የራሱን ገንዘብ ከጤናው አንሥቶ ወደ ሌላ ያዞራል ይላሉ። እውነት አላቸው። በ2010 የታተመ የብዙ አገሮች ጥናት ለጤና በቀጥታ ለመንግሥታት በተሰጠው እያንዳንዱ 1 ዶላር የውጭ ዕርዳታ ልክ፣ መንግሥታቱ ከራሳቸው ካዝና ለጤና የሚያወጡት ከ0.43 እስከ 1.14 ዶላር ቀንሶ እንደተገኘ ዘግቧል። የዚህ መድኃኒቱ ግን ድጎማውን ማሳጠር ወይም በዕቃ መተካት አይደለም። ታችኛው አስተዳደር ላለፉት ጥቂት ዓመታት ለጤና ያወጣው ተሰልቶ፣ ከዚያ በታች እንዳይወርድ በስምምነቱ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ድሃ ወረዳ ሲሆን ደግሞ የመዋጮውን ድርሻ ከአቅሙ ጋር ማመጣጠን ይገባል፤ እኩል አዋጡ ማለት ለሀብታሙ ስጦታ፣ ለድሃው ደግሞ መሰናክል ነው።

በማን ውሳኔ ይውጣ የሚለውን ጥያቄ ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የማውንድ ባዩ ታሪክ ነው። ጃክ ጋይገር የተባለ ወጣት አሜሪካዊ በ1957 ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ፣ ሲድኒና ኤሚሊ ካርክ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች በ1940 አካባቢ በፎሌላ ያቋቋሙትን የማኅበረሰብ ጤና ማዕከል አሠራር ተማረ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ መንግሥት ድህነትን ለመዋጋት ከመደበው ገንዘብ፣ ከባልደረባው ከካውንት ጊብሰን ጋር በመሆን አንዱን ማዕከል በቦስተን፣ ሌላውን በሚሲሲፒ በማውንድ ባዩ አቋቋመ። ሚሲሲፒ ላይ የሚመጡት ሕፃናት አብዛኞቹ የተራቡ ነበሩ። ሐኪሞቹ በማዘዣ ወረቀት ላይ ወተት፣ አትክልትና ሥጋ ይጽፉ ጀመር፤ ቤተሰቡ ከሰፈሩ ሱቅ ይወስዳል፤ ሒሳቡ ከማዕከሉ የመድኃኒት በጀት ይከፈላል። ከዋሽንግተን የመጣው ባለሥልጣን የመድኃኒት በጀት ለመድኃኒት ብቻ ነው ብሎ ሲቆጣ፣ ጋይገር የሕክምና መጻሕፍቱ እንደሚሉት ከሆነ የረሃብ መድኃኒቱ ምግብ ነው ብሎ መለሰለት። ማዕከሉ ጉድጓድ ቆፈረ፤ መጸዳጃ ቤት ሠራ፤ የአትክልት እርሻ የኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲቋቋምም አገዘ። ይህ ሁሉ የሆነው ድጎማው ለማዕከሉ የማሰብ ነፃነት ስለሰጠው ነው። ከዚያ የተወለደው አሠራር ዛሬ በአገሪቱ ወደ 1,400 በሚጠጉ ድርጅቶች አማካይነት 30 ሚሊዮን ያህል ሰው ያገለግላል፤ ሕጉም የእያንዳንዱ ማዕከል ቦርድ አባላት አብላጫው በዚያው የሚታከሙ ሰዎች እንዲሆኑ ያስገድዳል። ይህችን አንቀጽ እኔ ከብዙ ገጽ የቁጥጥር መመሪያ አስበልጣታለሁ። የራሷን ልጅ በዚያ ጣቢያ የምታስከትብ የቦርድ አባል የማቀዝቀዣው በር በጨርቅ ታስሮ ሲውል ዝም አትልም።

ነፃነት ማለት ተጠያቂነትን መተው እንዳልሆነ ግልጽ ይሁንልኝ። የሕዝብ ገንዘብ ኦዲት መደረግ አለበት። ነገር ግን አንዲት አዋላጅ አንዲትን እናት ካዋለደች በኋላ ያንኑ ወሊድ በጣቢያው መዝገብ፣ በአንዱ ድጎማ ቅጽ፣ በሌላው ድጎማ ቅጽና በወርኃዊው ሪፖርት አራት ጊዜ ስትጽፍ አይቻለሁ፤ የዕድሜ አከፋፈሉ እንኳ በአራቱም የተለያየ ስለነበረ አንዱን ከአንዱ መገልበጥ አትችልም። ደጓሚዎች በአንድ መዝገብ፣ በአንድ ሪፖርትና በአንድ ኦዲት ቢስማሙ ያለ ተጨማሪ ገንዘብ የአዋላጆችን ጊዜ ለእናቶች ይመልሳሉ።

ስለ ገንዘቡ መድረሻ ጊዜ ባጭሩ ልበል። በጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሦስት ወር ሲቀረው የሚለቀቅ ድጎማ፣ «ካልተጠቀማችሁበት ተመላሽ ይሆናል» ከሚል ደብዳቤ ጋር ሲመጣ፣ በሦስት ወር ውስጥ ሊያልቅ በሚችለው ነገር ላይ ይውላል፤ ይኸውም ሥልጠና፣ አበልና ግዥ ነው። ሠራተኛ መቅጠር፣ ቤት ለቤት መጎብኘት፣ የደም ግፊት ሕመምተኞችን በየወሩ መከታተል በሦስት ወር አያልቅም። ያላለቀ ገንዘብ ወደሚቀጥለው ዓመት እንዲሻገር የሚፈቅድ አንድ መስመር ብቻ በስምምነቱ ቢጨመር ብዙ ብክነት ይቀር ነበር።

በመጨረሻ ወደ አዋላጇ ልመለስ። አራቱን ቅጽ ስትሞላ ያገኘኋት አዋላጅ የተቀጠረችው በሦስት ዓመት ድጎማ ነበር፤ እኔ በሄድኩበት ጊዜ የቀራት ሁለት ወር ነው። ጠረጴዛዋ አጠገብ ተቀምጬ የቅድመ ወሊድ መዝገቧን አብረን ገለጥን። በመዝገቡ ላይ እናቲቱ ትወልድበታለች ተብሎ የሚገመተው ቀን የሚጻፍበት ዓምድ አለ። በጣቷ እየጠቆመች ወደ ታች ስትወርድ፣ ከግማሽ የሚበልጡት ቀኖች የእርሷ ውል ከሚያበቃበት ቀን በኋላ ነበሩ። ሁለቱ ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና የወለዱ ስለሆኑ በጊዜው ወደ ሆስፒታል መላክ ያለባቸው ናቸው፤ ስማቸውን በቀይ አስምራበታለች። «ለሚመጣው ሰው እንዲታይ ነው» አለችኝ። የሚመጣ ሰው ይኑር አይኑር ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ የድጎማው መዝጊያ ዕቅድ ስለ ተሽከርካሪው ርክክብ ሁለት ገጽ ሲጽፍ፣ በመዝገቡ ላይ ስላሉት እናቶች አንድም ቃል አልጻፈም ነበር።

ስለዚህ ስምምነት በምታረቅቁበትም ሆነ በምትፈርሙበት ጠረጴዛ ላይ ለምትቀመጡ ሁሉ የማቀርበው ጥያቄ የተወሰነ ነው። የሠራተኛ ደመወዝ የሚከፍል ድጎማ ማብቂያ ቀን ሲጻፍለት፣ በዚያው አንቀጽ ከማብቂያው አንድ ዓመት በፊት ደመወዙን በመደበኛ በጀቱ የሚረከበው መሥሪያ ቤት በስም ይጻፍ፤ የርክክቡ ቀንም ይቆረጥ፤ ተረካቢው በዚያ ቀን ካልተዘጋጀ ድጎማው በመዝገብ ላይ ያሉት እናቶች በሙሉ እስኪወልዱና ሕፃናቱ የመጀመሪያ ዓመት ክትባታቸውን እስኪጨርሱ ይቀጥል።